ስድስት ቀን በጅማ፣ ከአንድ ሰባራ በርጩማ ጋር

አናጢ አይደለሁም። ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። ማታ ማታና እሁድ ግን ኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ እንጨት እጠርባለሁ። ነገሩ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ቤት ያስቀመጠን ጊዜ ነው። መጀመሪያ መክተፊያ ሠራሁ። ቀጥሎ ረከቦት። የረከቦቱ አንድ እግር አጠር ስላለ ሲኒዎቹ እየተንሸራተቱ አንድ ጥግ ላይ ይሰበሰባሉ። እናቴ ግን እስካሁን እንግዳ ሲመጣ የምታወጣው እሱን ነው። ከዚያ ማንኪያ፣ ከዚያ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ከእኔ ሥር ያሉት ጎረቤቶች ምሽት 2 ሰዓት ካለፈ መዶሻዬን አይታገሡም፤ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድቡልኛል።

አንድ ነገር ግን አቃተኝ። በርጩማ።

እናቴ ቤት አንድ የጅማ በርጩማ አለ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሦስት እግር አለው፤ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። ኮላ የለው፣ ምስማር የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። ቤተሰቡ ጅማን ለቆ አዲስ አበባ የገባው በ1971 ዓ.ም. ነው። አያቴ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበሩና ተዛወሩ። ከዚያ ዘመን የተረፈን ዕቃ ይሄ ብቻ ነው። ታሪኩን ስሰማ ነው ያደግኩት፦ አያቴ ከሐሙስ ገበያ በ3 ብር ገዙት፤ እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ አንዱ እግር ሲሰነጠቅ ራሳቸው ከዘይት ቆርቆሮ ቀጭን ማሰሪያ ቆርጠው በትንንሽ ምስማር ጠፈሩት።

እሱን የሚመስል ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ዋንዛ ግንድ እየገዛሁ፣ በመሮ እየፈለፈልኩ። ሦስቱም ተሰነጠቁ። ስንጥቁ ሁልጊዜ ከመሃል ተነስቶ ወደ ጠርዝ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ «ጧ» ብሎ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል፤ ሌባ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው መስከረም ደግሞ የእህቴ ልጅ ዋናው በርጩማ ላይ ቆሞ አምፖል ሊቀይር ሲል እግሩ ከቆርቆሮው በታች ቀጭ አለ። የበርጩማው እግር ማለቴ ነው። በኮላና በብሎን ጠገንኩት፤ ሳምንት አልቆየም። እናቴ ምንም አላለችም። ምንም ሳትል ስትቀር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ወሰድኩና «እማዬ፣ ተነሽ፣ ጅማ እንሂድ። የሠሩት ሰዎች ይጠግኑታል» አልኳት። ከወጣች በኋላ ተመልሳ አታውቅም። 46 ዓመት።

ረቡዕ

አውቶቡሱ የሚነሳው 12 ሰዓት ነው፤ እናቴ ግን 10 ሰዓት ላይ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። በርጩማውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላዋለች። ረዳቱ አየት አደረገና «ማዘር፣ ይሄ ማገዶ ላይ ይጫን?» አለ። «ማገዶ? ከአንተ ዕድሜ ይበልጣል!» ብላ እግሯ ሥር አስቀመጠችው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል እዚያው ነበር።

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አለፍን። ወልቂጤ ላይ ቁርስ በላን፤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ ጊቤ በረሃ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ሹራብ ይወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ትርፍ ጎማው ደግሞ ነበረ እንጂ አልነበረም፤ እሱም ትንሽ ተንፍሷል። አንድ ሰዓት ተኩል ጸሐይ ላይ ቆምን። እናቴ ከግራር ሥር ተቀምጣ በአባቷ ጊዜ እዚህ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ሁለት ሌሊት እንዳደሩ ለማታውቃቸው ተሳፋሪዎች አወራች። ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በስድስቱም አንድ ሌሊት ነበር።

ሰኮሩ ካለፍን በኋላ አገሩ ይለወጣል። አረንጓዴው ይወፍራል። በዚህ በኩል ነው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ ያለው፤ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ሥራ የጀመረ ነው። ውሃው ተርባይኑን አዙሮ አያበቃም፤ 26 ኪሎ ሜትር በተራራ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ሄዶ ቁጥር ሁለትን ደግሞ ያዞራል። ይሄን ለእናቴ ሳስረዳት «እኛ በኩራዝ ነበር የምናጠናው» አለች። ከዚያ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጅማ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል።

ሆቴሉ ውሃ የለውም። በባልዲ አመጡልን። ተኛን።

ሐሙስ

ሐሙስ ጅማ የነበረ ሰው ሌላ ቦታ መዋል የለበትም። የሂርማታ ገበያ ነው። ከተማው ራሱ ከገበያው በኋላ የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከጣሊያን በፊት የደቡብ ምዕራብ ነጋዴ ሁሉ መገናኛ ነበር። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት መጥቶ አጠገቡ መንገድ ቀየሰ፣ ግንብ ገነባ።

ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። ጀንፈሉ በጆንያ ተቆልሏል። ኮረሪማ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ማር በጀሪካን፣ ጎደሬ በክምር፣ የሸንኮራ አገዳ በእቅፍ። እናቴ ኦሮምኛዋን ከ46 ዓመት በኋላ አወጣችው። የመጀመሪያዋ ኮረሪማ ሻጭ ሳቀችባት፤ ሁለተኛዋ ዋጋ ቀነሰችላት። እኔ «አከም ጅርቱ» ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱን ለሁሉም አልኩ።

በርጩማ ተራው ጋ ስደርስ አበድኩ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ የልጅ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ያልተቀባ። አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ሥራቸውን ማየት ጀመርኩ። እናቴ «ሰው ምን ይላል፣ እንደ በግ ጥርስ ታያለህ እንዴ!» ብላ ራቅ ብላ ቆመች።

አስረኛው ላይ ይመስለኛል ነገሩ የበራልኝ። የእኔ በርጩማዎች መቀመጫቸው ላይ የግንዱ ቀለበቶች ሙሉ ክብ ናቸው፤ ውሃ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚሠራው ዓይነት፣ መሃሉ ላይ እምብርት ያለው። እነዚህኞቹ ግን ክብ የላቸውም። መስመሮቹ እንደ ቀስተ ደመና ጎበጥ ብለው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ያልፋሉ። እምብርቱ የለም። እምብርቱ የት ሄደ?

ሻጩን ጠየቅኩት። «እሱን የሚሠሩትን ሽማግሌ ጠይቅ። እኔ መሸጥ ነው» አለ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጅሬን በሚወስደው በኩል ነው፣ ቅዳሜ ቤት ይውላሉ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤታችንን ፍለጋ ሄድን። እናቴ ምልክቷ አንድ ነው፤ አዌቱ ወንዝ በቀኝ፣ የእኛ ግቢ በግራ። የሚገርመው በግማሽ ሰዓት አገኘችው። ቆርቆሮ አጥር፣ ሰማያዊ በር። አንኳኳች። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን አዝላ ከፈተች። እናቴ ቆማ ነገሩን ሁሉ አስረዳች፤ ሴትዮዋም «በሉ ግቡ፣ ግቡ» አለችን።

ቡና ተፈላ። እናቴ በመስኮት ወደ ጓሮ እያየች «ያ አቮካዶ አባቴ የተከለው ነው» አለች። ወፍራም ዛፍ ነው። አይኗ እንባ አቀረረ። ሴትዮዋ አክብራ ዝም አለች። እኔ ተነስቼ ግንዱን ፎቶ አነሳሁ። አቦል ጠጣን፤ ቶና ጠጣን።

በረካው ላይ የሴትዮዋ አማት ከውጭ ገቡ። ተቀምጠው አዳመጡ። ከዚያ «የአውራ ጎዳናው ሰውዬ? እነሱ እኮ ወንዙን ተሻግሮ ነበር ቤታቸው» አሉ። እናቴ ተከራከረች። «ወንዙ በቀኝ ነበረ!» አሮጊቷ ተረጋግተው «ከገበያ ስትመጪ ነው ወይስ ከትምህርት ቤት?» ሲሏት ጭጭ አለች። አቮካዶውን የተከለው የእሳቸው ልጅ ነው። እሱም እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

ስንወጣ አንድ ፌስታል አቮካዶ ሰጡን። የድሮ ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ በሕይወት እንዳሉ የነገሩንም እሳቸው ናቸው።

ዓርብ

ጠዋት በባጃጅ ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኮረብታ ላይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ናቸው። 54 ዓመት። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ ያ ነፃነት ያበቃው እሳቸው ሲያልፉ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ «ጅፋር» የፈረሳቸው ስም ነው። የጅማ ነገሥታት የሚጠሩት በፈረሳቸው ነበር።

አስጎብኚው ስለ ነገሥታቱ ሲናገር እኔ ጣሪያና ዓምድ ሳይ ነበር። ሰፋፊ በረንዳ፣ የእንጨት ደረጃ፣ የተቀረጹ የመስኮት ዙሪያዎች። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይሄን ያህል እንጨት ጠርቦ ማስተካከል ምን ማለት እንደሆነ የምረዳው ረከቦቴን ስለማውቀው ነው። እናቴ በትምህርት ቤት ጊዜ መጥታ ነበር። የምታስታውሰው ጫማዋ እንደነከሳት ብቻ ነው።

ሙዚየሙን ቶሎ አየነው። የቤተ መንግሥቱ ዕቃዎች እዚያ ናቸው። ለበርጩማ ወዳጅ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይገባው ነበር፤ እናቴ ግን ጎረቤቷን ለማግኘት ተቁነጥንጣለች።

ወንዙን ተሻገርን። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ የሞባይል ሱቅና ፀጉር ቤት ነው። እናቴ ለአንድ ደቂቃ ያህል አየችው። እንባዋን ትናንት ጨርሳዋለች መሰለኝ፣ «እ» ብቻ ብላ አለፈች።

የጎረቤቷ ቤት ግን እንዳለ ነው። የጭቃ ቤት፣ በር ላይ እንሰት። እትዬ ሰማንያውን አልፈዋል። ዓይናቸው ደከም ቢልም ጆሮአቸው ደህና ነው። እናቴን አላወቋትም። የልጅነት ስሟን ነገረቻቸው፤ አላወቋትም። የአያቴን ስም ስትጠራ ግን ቀና አሉ።

«የአውራ ጎዳናው? በርጩማዬን ይዞብኝ የሄደው?»

ዝም አልን ሁላችንም።

እትዬ እንደ ትናንት ነው የሚያወሩት። አያቴ ሊዛወሩ ሲሉ ለሽኝት ሰው ተሰበሰበ፣ መቀመጫ አነሰ፣ ከየቤቱ ተለቀመ። በማግስቱ የጭነት መኪናው በሌሊት መጣ። በጨለማ ሲጫን የእሳቸውም በርጩማ አብሮ ተጫነ። «ደብዳቤ ልጽፍ ነበር። ለበርጩማ ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ ብለው ሳቁብኝ፣ ተውኩት።»

እናቴ ግን እጇን አልሰጠችም። «እትዬ፣ ሌላ ይሆናል። የእኛን አባቴ ከሐሙስ ገበያ በ3 ብር ነው የገዛው።»

«እንግዲያው ገልብጪና እዪው» አሉ እትዬ። «ከመቀመጫው ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ የሲኒ አፍ የምታህል የፍም ጠባሳ አለችው። ልጄ ምድጃ ላይ ጥሎት ነው።»

ማታ ሆቴል እንደገባን እናቴ ነጠላውን ፈታች። እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ። ሥሩ በጥላሸትና በቅባት ጠቁሯል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስለካው፣ ስስለው፣ ፎቶ ሳነሳው ጥቁረቱን ከዕድሜ ነበር የቆጠርኩት። በጣቴ ዳበስኩት። ጠርዙ ላይ ክብ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለች፣ እንደ ከሰል የለሰለሰች። የሲኒ አፍ ታህላለች።

እናቴ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ «እናቴ ናት የጫነችው። አባቴ እንዲህ አያደርግም» አለች። ከዚያ መብራቱን አጠፋች።

ቅዳሜ

አሁን ጥገናው ሌላ መልክ ያዘ። የሰው ዕቃ ነው። ሰባራ አድርጎ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

ሽማግሌው ቤት በጠዋት ደረስን። ግቢያቸው እርጥብ እንጨት፣ ጭስና ቡና ነው የሚሸተው። አንድ የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል፤ እሳቸውም ሲያሻቸው በአማርኛ ይመጣሉ። «ሐጂ» ብለን ነው የምንጠራቸው። በርጩማውን ተቀብለው ገለበጡት። ጠባሳዋን አዩ፣ ቆርቆሮውን ነካ ነካ አደረጉ። የእኔን ብሎን ሲያዩ ፊታቸው ተኮማተረ።

ከዚያ ቢላ አውጥተው ከሥሩ የጥፍር ያህል ፋቅ አደረጉ። የወጣው እንጨት ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ሮዝ የሚወስደው ነው። አሸተቱት። «ኩን ወዴሳ ሚቲ» አሉ። ወዴሳ ዋንዛ ነው። ዋንዛ አይደለም። ዋንዛ ልቡ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ነው። ይሄ ሶምቦ ነው አሉ። እናቴን አየኋት። እሷ ጣሪያ ታያለች።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ብሎኔን አስወጡኝ። ቀጥሎ የደረቀውን ኮላ በመሮ አስፋቁኝ፤ በአሮጌ ኮላ ላይ አዲስ ኮላ አይዝም። እግሩ የተሰበረው ጉጥ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጋ የእንጨቱ ጅማት ይጠማዘዝና ይደክማል። ከአዲስ አበባ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖዬን ይዤ ነበር፤ ሐጂ እንደ ሕፃን ተደሰቱበት። ሁለት ጊዜ በባዶ አየር አሽከረከሩትና መለሱልኝ። ቀዳዳውን እኔ በሳሁ፣ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ማዕዘኑን እያሳዩ። «ሱታ» ይላሉ። ቀስ በል። «ሱታ፣ ሱታ።»

ከዚያ ጭስ ላይ ለዓመታት ከተሰካ ወይራ አንድ ችንካር ጠረቡ። ጣት የምታህል ናት። ለምን በጣም የደረቀ እንጨት? ዙሪያው ያለው እንጨት ከአየሩ እርጥበት ሲስብ፣ ደረቁ ችንካር ደግሞ የበለጠ ይስብና ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ብሎን ግን አያብጥም፤ እንጨቱ ሲላወስ እሱ ቆሞ ይቀራል፣ ቀዳዳውን ያሰፋል። ኮላ ቀብተን ገጠምነው። ከላዩ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠን ጠምጥመን አሰርነው። ቆርቆሮውን ላንሳው ብዬ ጉጠት ሳነሳ ሐጂ እጄን ያዙኝ። «እሱ ምን በደለ?» አሉ። ቀረ።

ኮላው እስኪይዝ የእምብርቱን ጥያቄ አነሳሁ።

«ስንት ተሰነጠቀብህ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ምንድን ነው!» አሉና ሳቁ። «እኔ መቁጠር ትቻለሁ።»

ጓሮ ወሰዱኝ። ሁለት ሰው የማይታቀፈው የዋንዛ ግንድ ተጋድሟል። እኔ የምገዛው ቀጭን ግንድ ነበር፤ ሙሉውን ክብ ለመቀመጫ አደርገዋለሁ። እሳቸው ወፍራሙን ግንድ ለአራት ይፈልጡታል፤ እምብርቱ ያለበትን ጫፍ ጥርብ አድርገው ለማገዶ ይጥሉታል። በርጩማው የሚወጣው ከቀረው ነው። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ሙሉ ክብ ከሆነና እምብርቱን ከያዘ አንድ ቦታ መከፈቱ አይቀርም። ይህን ዩቲዩብ ላይ አይቼው ነበር። አይቼ፣ ገባኝ ብዬ፣ ሄጄ ደግሞ ሙሉውን ክብ ፈለፈልኩ።

ሁለተኛው ነገር የሚጠርቡት እርጥቡን ነው። እኔ ደረቅ ፍለጋ ስንከራተት ነበር። አፉ እንደ ዶማ በተጋደመ መጥረቢያ መጀመሪያ በእግሮቹ መሃል ያለውን ያወጣሉ። ቁራጩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወድቃል፤ ውሃው ፊት ላይ ይረጫል። እግሮቹን ከሚፈለገው እጥፍ ወፍራም አድርገው ይተዋሉ። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ የቡና ገለባ ውስጥ ቀብረው ያቆዩታል። እየቀዘቀዘ፣ እየዘገየ ይደርቃል። ከወራት በኋላ አውጥተው ይጨርሱታል። መጨረሻ ላይ የሚያለሰልሱት በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ቀጭን እንደ ወረቀት እየላጠ ይወጣል።

አንዱን ለእኔ ጀመሩልኝ። ሁለት እግር እሳቸው አወጡ፣ ሦስተኛውን እኔ። ሦስተኛው ያስታውቃል። 600 ብር ከፈልኩ፤ እርጥቡን ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ አንድ ኩንታል የሚይዝ ማዳበሪያ ሙሉ ገለባ ደግሞ በነፃ።

እሁድ

እናቴ ስኳር፣ ሳሙናና አንድ አዲስ ነጠላ ገዛች። በርጩማውን ራሷ ተሸክማ ገባች።

እትዬ በእጃቸው ዳበሱት። መቀመጫውን፣ ጠርዙን፣ ሥሩን። ጠባሳዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወረድ ሲሉ ደግሞ «ይሄ ቆርቆሮ ምንድን ነው?» አሉ።

«አባቴ ነው እትዬ። ሲሰነጠቅ የጠገነው።»

«ይጠግን እንጂ፣ የሰው ዕቃ አይደል!» አሉና ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ ሦስት ቀን የቆየ ሳቅ ነበር። ከዚያ እትዬ በርጩማውን መሬቱ ላይ አደረጉት። የጭቃ ወለል ነው፤ ጎርበጥ ይላል። ባለ አራት እግር ወንበሬን እኔ አራት ቦታ ሳስተካክል ውያለሁ፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢያስቀምጡት አይወዛወዝም። ተቀመጡበት። አላቃሰተም። ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

እናቴ ምሳ ሠራች፣ እትዬ ቡና ቀላ አቀረቡ፤ ቡናው ከነቆዳው በቅቤ የተጠበሰ። እኔ መጀመሪያ ፈራሁት፤ በኋላ ሳህኑን ጠረግኩት። ሲመሽ እትዬ አምስት ኪሎ ጀንፈል በከረጢት ሰጡን። «የኪራይ ይሁን ብለሽ እንዳትመልሺ፣ ኪራይ ከፋይ እናንተ ነበራችሁ» አሏት።

ሰኞ

ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ ረዳት። እርጥቡን እንጨት አይቶ «ይሄስ ማገዶ ነው?» አለ። እናቴ በዚህኛው አልተከራከረችም። ጎማ አልተነፈሰም። ጊቤ ላይ ተኛሁ፣ ወልቂጤ ላይ ነቃሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ በሻንጣ ሚዛን አንጠልጥዬ መዘንኩት። 7 ኪሎ ከ200 ግራም። ቁጥሩን በእርሳስ አንዱ እግር ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ገለባው ውስጥ ቀብሬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። መኝታ ቤቴ አሁን ቡና መጋዘን ነው የሚሸተው።

እናቴ ቤት የበርጩማው ቦታ ባዶ ነው። ማንንም አታስቀምጥበትም፤ ልብስ የታጠበበት ሳፋ እንኳ እዚያ እንዳይደረግ ትቆጣለች። በየሰኞው ማታ ትደውላለች።

«ስንት መዘነ?»

«6 ኪሎ ከ700።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«6 ከ900 ነበር።»

«ሕፃን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሐኪም ቤት ወስደነው ነበር» ትላለች፤ ስልኩን ትዘጋዋለች።